ድሮ ያልሆነ መስቀል

ታውኖ በአያቱ ቀብር ዕለት መስቀሉን በገዛ እጁ ጥዱ ላይ እንደቀረጸ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተናግሯል። ደኑን የሚያጠኑት ዶክተር ፒሬት ግን ትናንት ዛፎቹን እየዞሩ አይተው፣ «ተመስገን፣ አንዱም አልተነካም» ብለዋል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ቀረጽኩት አልኩሽ እኮ!» አለ ታውኖ በጭጋጉ ውስጥ ከከርቱ ኋላ እየተጎተተ።

«እሺ፣ አሳየኛ» አለች ከርቱ።

ታውኖ የአጎቷ ልጅ ነው። አያታቸው ኤልማር ባለፈው ሳምንት ሲቀበሩ፣ እንደ አገሩ ልማድ ቀብረኛው ደኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጥዱ ላይ መስቀል እንዲቀርጽም ቢላው ለወንዱ የልጅ ልጅ፣ ለታውኖ ተሰጠ። ሟች ወደ ቤቱ ልመለስ ቢል መስቀሉን ሲያይ ከዚያ አያልፍም ይባላል። ደኑ የዩኒቨርሲቲ መመራመሪያ ከሆነ ወዲህ ግን አዲስ መስቀል ክልክል ነው። የቤተሰቡ ጥድም አሁን ውፍረቱን የሚለካ የብረት ቀበቶ ታጥቋል።

ከርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚዎችን እየመራች የጥንቶቹን መስቀሎች ታሳያለች። «ድሮ እንዲህ ይደረግ ነበር» ትላቸዋለች። ለመጪው በጋ ደግሞ ከዶክተር ፒሬት ጋር እንድትሠራ ተመርጣለች። ዛፍ በቢላ የነካ ሰው ግን ዳግም ደኑን አይረግጥም።

ሴት አያቷ ሊንዳ ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም፤ እህልም አይቀምሱም። የባላቸው ኮቴ በረንዳው ላይ ይሰማቸዋል። ከርቱ ሐዘን ነው ብላ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ራሷ ቆጥ ላይ ያስቀመጠችውን የኤልማርን ቦት ጫማ በሩ ላይ አገኘችው። ረጥቧል። አፍንጫው ወደ ቤት ዞሯል።

ጥዱ ጋ ደረሱ። የቅድመ አያቶቹን መስቀሎች ቅርፊቱ ሊውጣቸው ምንም አልቀረውም፤ የተጨፈኑ ዓይኖች ይመስላሉ። ከርቱ የብረት ቀበቶውን ትንሽ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ ጣት የምታህል አንዲት ጭረት አለች። ሙጫ አንጠባጥባለች።

«ይቺ ናት መስቀልህ?»

ታውኖ ሥሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። «ገና ስጀምር ከጥዱ ጀርባ ሲስሉ ሰማኋቸው።»

«እነማን?»

«እነማን ትላለች እንዴ! አያቴ ናቸዋ። ያቺን ደረቅ ሳላቸውን ታውቂያት የለ።»

«ከቀብረኛው አንዱ ይሆናል፣ ጅል።»

«ቀብረኛው በሙሉ መንገዱ ላይ ነበር፣ ከርቱ።»

ያኔ ከጭጋጉ ውስጥ ደረቅ ሳል ተሰማ።

«ሚዳቋ ናት» አለች ከርቱ ቶሎ ብላ። ሚዳቋ ስትደነግጥ እንደ ሽማግሌ ትስላለች፤ ይህን ለጎብኚዎች ስትነግር ሁሌም ይስቃሉ። ሳሉ እንደገና መጣ፤ አሁን ቀርቧል። ቀጥሎ ከኋላቸው ሆነ፣ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ። ቅጠል አልተንኮሻኮሸም። እርጥቡ አሸዋ ላይ ከራሳቸው ዱካ በቀር ምንም አልነበረም።

ሊንዳ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

«ቢላውን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፤ ግን ወንድ ነው የሚቀርጸው።»

«ወንዱንማ አየነው።»

«ዶክተሯ ታባርርሻለች!»

ከርቱ ቢላውን ተቀበለችው። በሌላው እጇ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ከርቱ? የት ነሽ?» አሉ ዶክተር ፒሬት።

የሳሉ ድምፅ በመንገዱ እየራቀ ነበር፣ ወደ ቤት። ከርቱ ቀዝቃዛዋን ሙጫ በአውራ ጣቷ ነካቻት።

«የአያቴ ጥድ ጋ ነኝ፣ ዶክተር። መስቀል ልቀርጽበት ነው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው የደወልኩት።»