ከውስጥ የተበላ ጥርስ

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ አፉን እንደከፈተ ሞቷል። አንሶላው ተተኩሷል፣ ወለሉ በበረኪና ተፈትጓል። ይሁን እንጂ ከአፉ የሚወጣው ሽታ፣ የተበላሸ ወተት የመሰለው፣ በረኪናውን አልፎ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። መርማሪዋ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ልቡ ነው የቆመው» አላት ሐኪሙ። «ሰውነቱ ጨው አልቆበታል። ግን ጥርሱን እይው።»

የላይኛውን ከንፈር ገለጠና ትንሿን መስታወት ከጥርሶቹ ጀርባ አስገባ። ከፊት ሲታዩ ደህና ይመስሉ የነበሩት ጥርሶች ከኋላ ተቦርቡረው እንደ ማንኪያ ጎድጉደዋል። መንጋጋው ላይ ያስሞላው ሙሌት ዙሪያው ስላለቀ ለብቻው እንደ ጉብታ ቆሟል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ግን ጤነኞች ናቸው።

«የእጮኛው ሎሚ ውሃ ነው» አለች ታላቅ እህቱ፣ በር ላይ ቆማ እርጥብ ጨርቅ እየጨመቀች። «ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ታጠጣው ነበር። እኔ እናትም እህትም ሆኜ አሳደግሁት። እሷ ላግባው ብላ መጥታ በላችው።»

እጮኛው ሳሎን ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣለች። ሊወስዷት መኪናው ደጅ ቆሟል።

«ያስመልሰው ነበር፣ እትዬ?» አለች መርማሪዋ።

«አንድ ቀን እንኳ። ዝም ብሎ ከሳ እንጂ።»

መታጠቢያ ቤቱም ያብረቀርቃል። አንድ ባልዲ ታጥቦ ተደፍቷል። ብርጭቆ ውስጥ የቆመው የጥርስ ብሩሽ ግን ጸጉሩ እንደ ተረገጠ ሣር ተኝቷል።

«አሮጌ ነው?»

«ኧረ በቅርቡ ነው የገዛሁለት! ወንድሜ ንጹሕ ሰው ነበር። ሳሙናውን እኔው ነኝ ቀብቼ የማቀብለው።»

ልብስ ስፌት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። የሟቹ ሸሪክ፣ ሰፈሩ «ለስላሳ» የሚለው፣ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ ከመርገጫው አጠገብ ግማሽ የተጠጣ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አለ። ፈገግ ሲል የፊት ጥርሶቹ ሳስተው ጫፋቸው ብርሃን ያሳልፋል።

«እኔንም ሊጠረጥሩኝ ነው? የቆሸሸው ጥርሴ እንጂ እጄ አይደለም።»

«ሎሚ ውሃውን ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

«ሁላችንም ከዚያው ጆግ ነው የምንጠጣው። እሷም ጭምር። ለሱ ብቻ ስትሮ ትሰጠዋለች፣ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል ስላለ።»

«እህቱ ሳትኖርስ?»

«ዘመድ ጥየቃ የሄደች ጊዜ እኔ ጋ አረፈ። ሎሚ ውሃውም አልቀረበት። እንደ ጅብ ሲበላ ነው የከረመው፣ አንድም ቀን አላስመለሰው። ቤቱ ተመልሶ የእትዬን የጠዋት ሾርባ ሲጀምር ግን ያው ሆነ። እኔማ የሙያዋ ነገር ነው ብዬ ስቄ ተውኩት።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ተመልሳ የሟቹ እጮኛ ፊት ተቀመጠች።

«ሠርጋችሁ መቼ ነበር?»

«ቀን በቆረጥን ቁጥር ይታመማል» አለች ልጅቷ ወለሉን እያየች። «እኔ የማልወደድ መስሎኝ ነበር።»

ሌሎች ፖሊሶች ቤቱን ሲፈትሹ ቆይተው ከእህትየዋ ሻንጣ አንዲት ጠርሙስ አወጡ። ያን ጊዜ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«አፍህን ክፈት» አለችው ለስላሳን።

«እዚህ ሰው መሃል?»

ከፈተ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

«ተመልከቱ። የሚጠጣ አሲድ፣ ለስላሳም ይሁን ሎሚ፣ እዚህ ሰውዬ ላይ እንደምታዩት የፊቱን ጫፍ ነው የሚበላው። ሟቹ ግን በስትሮ ነው የሚጠጣው፤ የፊቱም ደህና ነው። የሱ የተበላው ከላይኞቹ ጀርባ ነው። ከጉሮሮ የሚመጣ አሲድ መጀመሪያ የሚመታው እዚያ ነው፤ የታችኞቹን ምላስ ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ ሰውየው ለወራት ሲያስመልሰው ኖሯል። አንድ ቤት የሚኖር ሰው ይህን አላየሁም ሊል አይችልም። እትዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አላስመለሰውም አሉ።»

«ንጹሕ ነበር» አለች እህትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱን ነው የምልዎት። አሲድ ጥርስን ያለሰልሳል፤ ያኔ ወዲያው ቢቦርሹት ይጠረባል። ባስመለሰው ቁጥር ሽታው እንዳያሳብቅ ብሩሹን ሰጡት። ባልዲውን አጠቡ፣ ወለሉን አጠቡ። አፉን ሲያጥቡ ግን ጥርሱን ቀረጹት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ቤት ግን ጥርስ አወጣው።» ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቺ መርዝ ለዋጠ ሰው የምትሰጥ የሚያስመልስ ሽሮፕ ናት። የሠርግ ቀን ሲቆረጥ ሾርባው ውስጥ ትገባለች። በማስመለስ ብዛት ጨው ያለቀበት ልብ መጨረሻውን አልቻለም።»

«ልገድለው ብዬ አይደለም!» አለች እህትየዋ። ጨርቁን አሁንም አልጣለችም። «ሲታመም የኔ ነበር። ሌሊት ግንባሩን ይዤ...» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ባልዲ ትይዥለት ነበር?»

«እኔ መጀመሪያ ነገር አላስመልሰውም ነበር።»

ፖሊሶቹ ከልጅቷ አጠገብ ተነስተው ወደ እህትየዋ ሄዱ። እሷም ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ አለችና የጫማቸውን ዱካ ከወለሉ ላይ ጠረገች።

መርማሪዋ ደጅ እስክትደርስ ትንፋሿን ያዘች። ቦዩ ዳር ቆማ ተፋች። አፏ ውስጥ የቀረው ግን የሟቹ ሽታ አልነበረም፤ በረኪናው ነበር።