ሁለት ከአሥር

ዝማሬ የአባቷን ምሳ ልትወስድ ነበር ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለው የእትዬ ሮማን ምግብ ቤት የገባችው። ምግቡ በፌስታል እስኪታሰር ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማ ሳለ ከጥግ በኩል ስሟን ሰማች።

«ያቺ ዝማሬ የምትባለው ልጃችን፣» ይላል ድምፁ፣ «አሸናፊ ካርድ ይዛ ሸሸች! አብረዋት የተጫወቱት ሽማግሌ ምንም የረባ ካርድ ሳይኖራቸው ነው ያስፈራሯት። ሶ፣ ዛሬም ስንት እንስጣት?»

«ዜሮ!» አሉ ከበውት የተቀመጡት ባለታክሲዎች እየሳቁ።

«የለም፣ የአገር ልጅ ናት። ባለፈው እንዳልኩት፣ ሁለት ከአሥር።»

የዝማሬ ደም ፈላ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳድዳት የከረመው «ሁለት ከአሥር» ምንጩ ይሄ ሰው ነበር ማለት ነው! ፓርኪንግ የሚሠሩት ልጆች ሲያዩዋት በጣታቸው ሁለት እያሳዩ ይስቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንኳ አንዷ፣ «እንዴት ነሽ፣ ሁለት ከአሥር?» ብላታለች።

ሰውየው ፍሬው ይባላል። የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ በቴሌቪዥን በሚተላለፈው ትልቅ ገንዘብ የሚያዝበት የፖከር ውድድር ላይ ማን እንዴት እንደተጫወተ ነጥብ ይሰጣል። የኢንተርኔት ቻናሉን የሚከታተለው ሰው ብዙ ነው።

ዝማሬ ቁማርተኛ አይደለችም። ጋርዴና ባለ ካርድ መጫወቻ ቤት ውስጥ ለተጫዋቾች ምግብ ታመላልሳለች፤ ጨዋታውንም ቆማ በማየት ነው የለመደችው። ቤቱ ሠራተኞቹን አወዳድሮ ላሸነፈው በቴሌቪዥኑ ውድድር ላይ ወንበር ሰጠ። አሸናፊዋ እሷ ሆነች። የምታስይዘው ገንዘብ፣ ቺፕሱ፣ የፕሮግራሙ ነበር፤ ብታሸንፍ ግን ትርፉ የራሷ፣ ያቋረጠችውን የነርስ ትምህርት የምትጨርስበት ነበር። አባቷ ጋሼ ወንዳፍራሽ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለምን ተጫወትሽ ብለው አኮረፉ። ሰፈሩ ደግሞ ለምን ተሸነፍሽ ብሎ ተቆጣ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳናደዳት እሷም አታውቅም።

ምሳውን ትታ ወደ ጥጉ ሄደች። ፍሬው ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ጠይም ነው፤ ፈገግ ሲል ዓይኑ ይጠብባል። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ። አንቺስ ስንት ትሰጫታለሽ?»

«ልጅቷን አይተሃታል?»

«ደጋግሜ ነዋ! ሪፕሌይ እያደረግኩ።»

«መልኳ ምን ይመስላል?»

ፍሬው አሰበ፤ ጭንቅላቱን አከከ። «መልኳን እንኳ… ካርዶቿን ጠይቂኝ፣ እነግርሻለሁ። ሁለት ንጉሥ ነበራት።»

«እኔ ነኝ።»

ባለታክሲዎቹ ዞረው አዩዋት።

«አንድ ሙሉ ፕሮግራም አይተኸኝ፣ ፊትህ ስቆም አላወቅከኝም። ታዲያ ያላየኸውን ሰው ነው የምትፈትነው? ማን ሾመህ?»

የፍሬው ፊት ቀላ። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ። ግን ጨዋታ ጨዋታ ነው። ለምን ፎልድ አድርገሽ ካርድሽን ጣልሽ? ንገሪኝና አሁኑኑ ነጥቡን አነሳለሁ።» ስልኩን አዞረላት።

ዝማሬ ስልኩን በእጇ ገፋ አደረገችው።

በውድድሩ ቀን አብረዋት የተጫወቱት የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካርዳቸውን ለማየት ቀና ሲያደርጉት አጠገባቸው ለተቀመጠችው ለእሷ ወለል ብሎ ታየ። ሳትፈልግ አየችው፤ የረባ ካርድ አልነበረም። ወዲያው ዓይኗን ብትሰብርም ያየችውን እንዳላየች ልታደርገው አልቻለችም። ወዲያው ሽማግሌው ያላቸውን ቺፕስ ሁሉ ገፍተው ሲያስይዙ ልቧ፣ «ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ የተኛን ሰው ኪስ መበርበር ነው» አላት። ካርዷን ጣለች። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ካርዱን በመዳፍዎ ይከልሉት» ስትላቸው እጇን ጨብጠው ለመኗት። «እባክሽ ለማንም አትንገሪ። እጄ መታመሙን ካወቁ ሁለተኛ አይጠሩኝም።» ቃል ገባችላቸው።

«አልነግርህም» አለችው።

«እንግዲያው ነጥቡ ይጸናል።»

«ይጽና! እግዚአብሔር ግን እንዳንተ ካርድ አይቶ አይፈርድም!»

በሩን ወርውራ ወጣች። እትዬ ሮማን ከባንኮኒው ጀርባ ጮኹ። «አንተ ፍሬው! ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሉሃል ይሄ ነው! በል የልጅቷን ምሳ አድርስ!»

መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ፍሬው ፌስታሉን አንጠልጥሎ እየሮጠ ደረሰባት።

«ምሳሽን ረሳሽ።»

«የአባቴ ነው።» ነጥቃ ተቀበለችው።

እሱ ግን አልሄደም። ቆሞ ያያታል፤ እሷም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የመኪናውን በር አልከፈተችም።

«መልክሽን አሁን አየሁት» አላት ቀስ ብሎ።

«ዘግይተሃል!»

እቤት ስትደርስ አባቷ ዓይኗ መቅላቱን አዩ። ከዚያ ፕሮግራም ወዲህ ሲያናግሯት ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሰው ፈሪ አለሽ አሉ። እኔስ ያን ቤት ፈርተሽ ቀድሞውኑ ባትገቢ ነበር ደስታዬ!»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ሰረቅሽ?»

«አልሰረቅኩም።»

«ዋሸሽ?»

«አልዋሸሁም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ስላልሰረቅኩ ነዋ!»

ጋሼ ወንዳፍራሽ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ጉርሻውን አንስተው ለእሷ አጎረሷት።

በሳምንቱ አጋማሽ ከሥራ ስትወጣ ካርድ ቤቱ ፊት ለፊት ፍሬው ታክሲውን አቁሞ ጠበቃት። ፍሬው ወረደ። ሳቁ የለም።

«በስክሪኑ ላይ ካርዶቹ የሚታዩበትን ቦታ በወረቀት ለጥፌ ሸፈንኩት» አላት። «ከዚያ አንቺን ብቻ አየሁ። ሽማግሌው ካርዳቸውን ሲያነሱ ዓይንሽ ዱብ አለ። ከእረፍት መልስ ደግሞ መዳፋቸው ከካርዱ ላይ አልተነሳም…»

«ዝም በል!»

«ዝማሬ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል አልኩህ! ቃል አለብኝ።»

«ግን ይሄን ብናገር አሥር ከአሥር ነሽ። አንድም ሰው አይስቅብሽም።»

«ሽማግሌውስ ስንት ሊሆኑ ነው?»

ፍሬው ታክሲውን ተደገፈ። የሚያልፈው መኪና ይነጉዳል፤ እነሱ መንገድ ዳር እንደቆሙ ናቸው። ዝማሬ ቁጣዋ ቀስ በቀስ ሲበርድ ተሰማት። ያን ያየችውን ነገር ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው አሁን አለ። ሸክሙ በአንዴ ቀለል አላት። ፈራችም። የእሱ አፍ ደግሞ ነገር የሚቋጥር አፍ አይደለም።

ቅዳሜ ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ «እኔም እመጣለሁ» አሉና አብረው ምግብ ቤቱ ደረሱ። ፍሬው ስልኩን አቁሞ ጀምሯል።

«ለዝማሬ ሁለት ሰጥቼ ነበር። ተሳስቻለሁ። ነጥቡን አንስቻለሁ።»

ጥጉ ተንጫጫ።

«ለምን? ምክንያቱን ተናገራ!»

«ምን አቅምሳህ ነው?»

«ቆንጆ ሆና አገኘኋት በለና!»

«ፍሬው ተሸጠ! ታዲያ ለራስህስ ስንት ትሰጣለህ?»

«ሁለት ከአሥር» አለ ፍሬው። «ሳላይ ፈርጃለሁ።»

ስድቡ ስልኩ ላይ እየተግተለተለ ነው። የሚያዳምጡትም ጥለውት መውጣት ጀምረዋል። ከአንድ ዓረፍተ ነገር የበለጠ አያስፈልገውም ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ስሙም ቻናሉም ይተርፋሉ። ፍሬው ቀና ሲል ባንኮኒው አጠገብ የቆመችውን ዝማሬን አያት። እሷ ትንፋሿን ይዛለች።

እሱም ዓይኑን ሰበረ፤ ልክ እሷ ያን ቀን እንዳደረገችው።

«ምክንያቱን አልናገርም» አለና ስልኩን ደፋው።

«ሁለት ከአሥር! ሁለት ከአሥር!» ባለታክሲዎቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጮኹ።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ልጃቸውን አዩ፤ ፍሬውን አዩ። ያልተነገራቸውን ነገር የተረዱ ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሮማን፣ ምግቡን አትቋጥሪው» አሉ። «እዚሁ እንበላለን።» ከዚያ ያን ሁሉ ጩኸት ሰንጥቀው ፍሬው ጠረጴዛ ጋ ሄዱና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?»

ፍሬው ደንግጦ ተነሳ፣ እጅ ነሳ። ለዝማሬም ወንበር ሳበላት። እሷ አልተቀመጠችም፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ከልቧ አየችው።

«ካርዶቼ ምን ነበሩ?» አለችው።

ፍሬው ፊቷን አየ።

«ረሳኋቸው» አላት።

ያን ጊዜ ተቀመጠች።