መብራት ያዢዋ

«መብራቱን በደንብ ያዢ!»

ልጅቷ ይህችን ቃል ሰምታ ሰምታ ጠግባታለች። ቁመቷ ከጎማ ሳይበልጥ ነው አባቷ ጋራዥ መግባት የጀመረችው። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሞላት፤ ሥራዋ ግን ያው ነው፣ መብራት መያዝ። ወንድሟ መኪና ሥር ይገባል፣ እሷ ታበራለች። ወንድሟ ቡሎን ይፈታል፣ እሷ ታበራለች። ደንበኛው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ይባረክ!» ብሎ ሲሄድ፣ እሷ መብራቱን አጥፍታ ገመዱን ትጠቀልላለች። ወንድሟ ስም እንኳ አውጥቶላታል፤ «ኩራዝ» ይላታል። ስቃ ታልፈዋለች እንጂ ነገሩን በሆዷ ቋጥራ ይዛዋለች።

«ኩራዝ! ተኛሽ እንዴ? ወደዚህ አብሪ!»

ወንድሟ ካርቶን ላይ ተንጋሎ የገዛ መኪናው ሥር ነው። ለዓይን ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ መኪና ናት፤ ሞተሯ ግን ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አለው፣ ሲቆጣ አይጣል ነው። ነገ የመኪና ውድድር ሜዳው በር መኪናዬን እንደልቤ ላብርር ላለ ሁሉ ይከፈታል። ወንድሟ ያንን ቀን ሲጠብቅ ከርሞ ከርሞ፣ ሰሞኑን ጭስ ማውጫዋ ተሰንጥቆ ቁጭ አለ።

የሚቀየር ቧንቧ አልጠፋም፤ ሁለት ነበር። አንዱን የሰፈሩ በያጅ ነው የሠራው፤ የኋላውን ጎማ ዞሮ የሚያልፍ፣ ጫፉ ላይ ድምፅ የሚውጥ ማርሚታ ያለው፣ ከባድ። ሌላውን ከጓደኛው ነው ያገኘው፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ማርሚታ የሚባል ያልነካው።

«አባዬ የበያጁ ይሻላል ብሎህ የለ?» ብላው ነበር ጠዋት።

«እሱማ የአክስት መኪና ነው የሚያስመስላት! ቱርቦ ጭሱን ቶሎ ካልተፋ ይታፈናል። ፋራ አትሁኚ።»

ስለ መታፈኑ እውነቱን ነው። ደግሞም ነገ አጠገቡ አስቀምጦ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል፤ ሄልሜቱን እንኳ አስለክቷታል። ስለዚህ ቀጥ ያለውን ሲገጥም አበራችለት።

«አለቀ!» ብሎ ፊቱ ጥላሸት መስሎ ወጣ። ክሪኩን ለቀቀው፣ መኪናዋም ቀስ ብላ መሬት ያዘች። ልጅቷ ገመዱን ልትጠቀልል ጎንበስ ስትል ብርሃኑ ከኋላው ጎማ ጀርባ ገባ። እጇ ባለበት ቀረ።

መኪናዋ ተሰቅላ ሳለች ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ከአዲሱ ቧንቧ ርቆ ነበር፤ በመሃላቸው ቡጢ ያሳልፍ ነበር። አሁን በራሷ ክብደት ስትቀመጥ ግን ጎማው ወደ ላይ ገባ፤ ቱቦውም ጎብጦ ቧንቧውን ሊስመው ደረሰ።

«ና እስቲ እይ፤ የፍሬኑ ቱቦ ሊነካ ነው።»

«አይቼዋለሁ። የመንገድ ያህል ቦታ አለው።»

«ተሰቅላ ሳለች ነዋ! አሁን ና እይ። ቧንቧው ሲግል...»

«አታካብጂ! አንቺ መብራትሽን ያዢ።»

ሜዳ ላይ ቧንቧው ፍም ይሆናል። ላስቲኩ ይቀልጣል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈሳል፣ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉን ቢረግጡት ቢረግጡት ባዶ ነው። የሜዳው መጨረሻ ላይ ያለው ኩርባ ዓይኗ ላይ መጣባት።

ከግቢው የአባታቸው ኮቴ ተሰማ።

በዚህ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ። ሥራ ሲያልቅ አባታቸው የሚጠይቀው ሠሪውን አይደለም፣ መብራት ያዡን ነው። «ሠሪ ሥራውን ይወዳል፤ ዓይኑን አላምነውም» ይላል። «ታየ» ከተባለ መኪናው ይወጣል፤ «አልታየም» ከተባለ ይፈታል። እሷ ግን «ታየ» ከማለት ሌላ ብላ አታውቅም። ጸሎት ሲያልቅ አሜን እንደማለት አድርጋው ኖራለች።

ወንድሟ ጠጋ አላት። «ስሚኝ የኔ እህት» አለ በሹክሹክታ። ኩራዝነቷ ቀረ ማለት ነው። «ጭስ እንዳያመልጥ መጋጠሚያው ላይ የምትገባዋ ጓርኒሲዮን አንዲት ብቻ ነበረች። አንዴ ከተጨፈለቀች አታገለግልም፤ ሱቁም ተዘግቷል። ከፈታነው ነገ የለም! ጀለሶቼ ሙድ ይይዙብኛል። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እናቴን!»

«ቀስ ብለህ ልትነዳ ነው ይህን ሁሉ ቧንቧ የቀየርከው?»

«አንቺም'ኮ ትቀሪያለሽ።»

ይቺ ወጋቻት። ሄልሜቱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ማሰሪያው በእሷ አገጭ ልክ ጠብቋል።

አባታቸው በሩ ላይ ቆመ። «እህ፣ ልጆች? ታየ?»

ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ለምዳታለች፣ ራሷ ልትወጣ ትላለች። ወንድሟ ዓይን ዓይኗን ያያል።

«አልታየም፣ አባዬ።»

ወንድሟ የቡሎን ቁልፉን መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ወረወረው፤ ብረቱ ጮኸ። «መብራት ከመያዝ ሌላ ምን ታውቂና ነው!»

አባታቸው ሊናገር አፉን ከፈተ። እሷ ግን አልጠበቀችም። መብራቱን ወስዳ ወንድሟ መዳፍ ላይ አኖረችው፤ እጀታው ከእጇ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።

«እዚህ ጋ» አለችውና ተንበርክካ እጇን ከጎማው ጀርባ ሰደደች።

አመንትቶ ጎንበስ አለ፤ አበራም። በቱቦውና በቧንቧው መሃል ትንሿ ጣቷ እንኳ አላልፍ ብላ ቆማለች። ደጋግሞ አየ። ከዚያ ትንፋሹን በአፍንጫው ለቀቀ።

አባታቸው አንድ ጎማ ገልብጦ ተቀመጠበት።

ክሪኩን ራሷ አስገባችና መኪናዋን አነሣች፤ መደገፊያዎቹን አቆመች። ቁልፉን ከሣጥኑ ፈልጋ፣ ካርቶኑ ላይ ተንጋላ ገባች። የመጀመሪያው ቡሎን እምቢ አላት። ቁልፉን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» አለች ከሥር።

መብራቱ ወደ ቀኝ ሄደ።