መንገዱ ወሰደው

«ሌላው ግማሽ የታለ?» አሉ የቋንቋ አስተማሪዋ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን እያዩ።

ቀጮ ወረቀቷን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም።

የዚያ ሳምንት የቤት ሥራ የመስታወት ግጥም መጻፍ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፤ ግጥሙ መሃል ላይ ይታጠፋል። የመጀመሪያው መስመርና የመጨረሻው ይተያያሉ፣ ሁለተኛውና ከመጨረሻው በፊት ያለው ይተያያሉ፣ እንዲህ እያሉ እጥፋቱ ላይ ይገናኛሉ። ሌላው ተማሪ ስለ ፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ጽፎ ተገላገለ። ከኋላዋ የሚቀመጠው ቀልደኛማ «ነቃሁ፣ ራበኝ፣ ጠገብኩ፣ ተኛሁ» ብሎ ሲያነብ ክፍሉ በሳቅ ሞተ። የቀጮ ወረቀት ላይ ያለው ይኼ ብቻ ነው፦

ጫማውን አሰረ፣
እናቴን ሳመ፣
በሩን ከፈተ፣
መንገዱ ወሰደው።

«ወንድምሽ ነው አይደል?» አሉ ቲቸር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በጣም ቆንጆ ነው። ግን መልሺው እንጂ! ‹መንገዱ መለሰው› ብለሽ ወደ ኋላ ሂጂ። አርብ ለወላጆች ቀን ታነቢዋለሽ። እናትሽም ሰምተው ደስ ይበላቸው።»

ቲቸር ምን ያውቃሉ? ምንም።

«ቀጮ» ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ከጓደኛው ጋር ሄደ፤ ጓደኛው ብቻውን ተመለሰ። እናቷ ቤት ባልነበረችበት ቀን፣ አባቷ በር ላይ ታክሲውን ሲያጥብ ጓደኛው መጣና ነገረው፤ ጀልባዋ ተገልብጣለች፣ ልጁ ሲሰምጥ በዓይኑ አይቷል፣ አልወጣም። ቀጮ ከበሩ ጀርባ ቆማ አንድም ሳይቀር ሰማች። አባቷ ዞር ሲል አያት። እርጥቡ ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት። «ቀን ፈልጌ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

ይኸው፣ ቀኑ እስካሁን አልተገኘም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ እንግዳ መጣ፣ ማክሰኞ እናቷን ራሷን አመማት፣ ረቡዕ ደግሞ ስትስቅ ዋለች፣ እንዴት ተደርጎ ይነገራት! አባቷ በየማለዳው ቁልፉን አንስቶ ውልቅ ይላል። ቀጮም ለእናቷ ሳትነግር ቦርሳዋን አንስታ ትከተለዋለች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም አብዛኛው በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ዛሬ የዘረጋችው ግን የደንበኛ ጨርቅ አይደለም። የዘንባባ ዛፍ የታተመበት፣ ለወንድሟ ሸሚዝ ብላ የገዛችው ነው።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ጉዴን እዪልኝ!»

ጨርቁን ለሁለት አጥፋ ፊትና ጀርባውን አንድ ላይ ቆርጣዋለች። ሥዕሉ ላይና ታች ያለው ጨርቅ ግን እንዲያ አይታጠፍም፣ ለየብቻ ነው የሚቆረጠው። ስትዘረጋው ፊቱ ላይ ያሉት ዛፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጀርባው ላይ ያሉት በሙሉ ቁልቁል ተዘቅዝቀዋል።

«ይኼን እኮ ለማጅ እንኳ አይሠራውም» አለች እናቷ። «ልቤ የት እንደሄደ እንጃ። ይሁን፣ እሰፋዋለሁ። ሲመጣ ይሳቅብኛ!» ራሷም ሳቀች።

ቀጮ የተዘቀዘቁትን ዛፎች ላለማየት ቦርሳዋን ለማስቀመጥ ዞረች።

«ቲቸርሽ ደውለውልኝ ነበር። አርብ ልታነቢ ነው አሉ። እስቲ አሰሚኝ።»

ማምለጫ አልነበራትም። አራቱን መስመሮች አነበበች። እናቷ ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ በጣቶቿ እያሻሸች አዳመጠች።

«ቀጥያ!»

«እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት። የቀረው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። መጨረሻው መጀመሪያውን መምሰል አለበት።»

«ታዲያ ይኼ ምን ይከብዳል?» እናቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። «መንገዱ መለሰው።» ወደ በሩ አየት አደረገች። «በሩን ከፈተ።» ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። «እናቴን ሳመ። ጫማውን ፈታ። በቃ፣ ሞላልሽ! ጻፊ እንጂ፣ ምን ታፈጫለሽ?»

ቀጮ እስክሪብቶዋን አነሳች። ያኔ ነው አባቷን ያየችው። የታክሲውን ቁልፍ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ ዛሬ አይሆንም፣ ዛሬ ተይው።

ብትጽፈው አርብ ይጨበጨብላታል። እናቷ የደስታ እንባ ታለቅሳለች። ቅዳሜ የሸሚዙን ቁልፍ ትተክላለች፣ ከዚያ ሱሪውን ትጀምራለች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ብትጽፈውም ባትጽፈውም ወንድሟ አይመጣም።

እስክሪብቶዋን ከደነች። ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ አደረገች።

«እማዬ፣ ጨርቁን ተዪውና ቁጭ በይ።»

«ምነው? ምን ሆንሽብኝ?»

ቀጮ የእናቷን እጅ ያዘች። ጣቶቿ ላይ ጠመኔ ነበር። ከዚያ ወደ ደጃፉ ዞረች።

«አባዬ፣ ግባ» አለች። «በሩን ዝጋው።»