ካርዱና ቀለበቱ

አማዴውን መጀመሪያ ያየሁት ደጄ ላይ ቆሞ ፊርማ ሲለምን ነው። ምድር ቤቱን ከተከራየ ሳምንት አልሞላውም ነበር። እኔ የምኖረው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው ትንፋሹን ቆራርጦት ነበር፤ ያም ሆኖ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

ሰው ሁሉ የጤና መድን እንዲኖረው የሚያዝ ሕግ ሊወጣ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ትደግፈዋለች አለኝ። መድኑን ማን ይሰጠናል ብዬ ጠየቅኩት። ኩባንያዎቹ ይሸጡልናል፣ አቅም ለሌለው ደግሞ መንግሥት ያግዘዋል አለ። ያልገዛስ? እዚህ ላይ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«ይቀጣል» አለኝ።

«በለኛ። ከእንግዲህ ድሃ መሆን ያስቀጣል ማለት ነው» አልኩትና በሩን ዘጋሁበት።

አልተቆጣም። ከበሩ ማዶ ቀስ ብሎ «ደህና ዋዪ እመቤቴ» ሲል ሰማሁት። የተዘጋ በር የሚሰናበት ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ቀኑን ሙሉ ተናደድኩ፤ በሕጉ ይሁን በሰውየው ለይቼ አላወቅኩም።

ሕጉ ያለ እኔ ፊርማም ወጣ። እኔ የመጋረጃ ፋብሪካ ሰፊ ነኝ። አለቆቻችን መድን እንዳይገቡልን የሥራ ሰዓታችንን ከሙሉ ቀን ጥቂት አሳንሰው ነው የሚያሠሩን፤ ይህን ከተማችን ፎል ሪቨር ውስጥ የማያውቅ የለም። በዚያ ክረምት መኪናዬ ላይ እየሰፋሁ ልቤ እንደ ተያዘ ወፍ ተንፈራገጠችና ወደቅኩ። ከሆስፒታል ስመለስ አማዴው ሾርባና የመድን ቅጽ ይዞ መጣ። ሾርባውን አስቀድሞ አበላኝ። ቅጹን ማንበብ እንዳቃተኝ ሲያይ እሱ ጻፈው።

አልዋሽም፤ የመድን ካርዱ መጣልኝ። የኩባንያው ስም በሰማያዊ ተጽፎበታል፣ ከዋጋው አብዛኛውን የሚከፍለው ግን መንግሥት ነው። የልብ ሐኪም አገኘሁ፤ ደም የሚያቀጥን ክኒንና በየወሩ ምርመራ ታዘዘልኝ። ያንን ክኒን ባልውጥ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አማዴው «አላልኩሽም?» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ በዚያው እንለያይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት፣ ሚስት አግብቶ አያውቅም። እኔ አርባ ሰባት። ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩን ሳይበጥስ ነው የሚጨርሰው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ክፋይ ወደኔ ይገፋዋል። ፍቅር ይሄ ከሆነ እንጃ፣ እኔ ግን ሰዓቱን መቁጠር ጀመርኩ።

ማታ ማታ የምናወራውም ስለዚያው ሕግ ነበር። እኔ በጰራቅሊጦስ ለመንፈስ ቅዱስ የምናበላውን ሾርባ አነሳበት ነበር። ከባሕር ማዶ፣ ከአሶረስ ደሴቶች የመጣን ሰዎች ሁላችን የምናውቀው ድግስ ነው፤ የመጣ ሁሉ ይበላል፣ ማን ነህ አይባልም። «በዚያ ድግስ በር ላይ ነጋዴ አቁመን፣ ትኬት ከሱ ካልገዛህ አትበላም፣ ካልገዛህም ትቀጣለህ ብንል ድግስ ነው ወይስ ገበያ?» እለዋለሁ። ለድሃ አሰብን የሚሉት ሰዎች ያሰቡት ለነጋዴው ነው።

አንድ ምሽት ስለ እኅቱ ስለ ፊሎሜና ነገረኝ። ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ሁለት ዓመት ከቀሚሷ ሥር ደብቃ ኖረች፤ ካርድ ስላልነበራት። ስትናገር ጊዜው አልፎ ነበር።

«ካርድ ቢኖራት ትሄድ ነበር» አለኝ። «የየትኛው ኩባንያ ስም ተጻፈበት ብላ አትጠይቅም ነበር፣ ዴኦሊንዳ። ጅምር ነው። ጅምርን አትናቂ።»

እጁን ያዝኩት።

ፋሲካ አልፎ የመንፈስ ቅዱስን ዘውድ ማን በቤቱ እንደሚያሳርፍ ዕጣ ሲወጣ የአማዴው ስም ወጣ። ዘውዱ የገባበት ቤት ሰባት ቀን በሩ ክፍት ነው፤ ማታ ማታ ይጸለያል፣ የመጣ ይበላል። እሑድ የቤቱ ባልና ሚስት ከዘውዱ ጎን ሆነው በሰልፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። አማዴው ዕጣውን በኪሱ ይዞ ሽቅብ መጣና ቤቴ እመቤት የላትም አለኝ። ሳቅኩበት፤ ሾርባ የምትቀቅልልህ ሴት ከፈለግክ ቅጠር አልኩት።

«ሾርባውን እኔው እቀቅላለሁ» አለ። «የምፈልገው አንቺን ነው።»

እሺ አልኩት። ልቤ ዘለለች፤ በዚያን ቀን ሕመም አልነበረም።

አንድ ነገር ቀረን። ያገባ ሰው ለመድኑ ቢሮ ማሳወቅ አለበት። አማዴው በበጎ ፈቃድ ሰው ወደሚያስመዘግብበት ጠረጴዛ ሄድን፤ እዚያ የምትሠራው ልጅ ታውቀዋለች፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ተነሥታ አቀፈችን። ከዚያ የሁለታችንን ደመወዝ ኮምፒውተሯ ላይ አስገባች። ፊቷ ተለወጠ።

ለየብቻችን ስንሆን ድሃ ነን፣ እንታገዛለን። ስንጋባ ግን ሁለት ደመወዝ አንድ ቤት ይገባና ድሃ መሆናችን ይቀራል፤ እርዳታው ለሁለታችንም ይቆማል። መድኑን በሙሉ ዋጋ ከኩባንያው መግዛት፣ አለዚያ መቀጣት። ዋጋውን አሳየችን፤ በኔ ዕድሜ ከቤት ኪራዬ ይበልጣል። ርካሹም ቢሆን አስቀድሜ ከኪሴ ሺህ በሺህ ካላወጣሁ ለክኒኔ አንድ ሳንቲም አይጥልም። ልጅቷ ጥፋቱ የሷ ይመስል ይቅርታ ትለናለች። አማዴው ያንን ወረቀት ደጋግሞ አነበበው፤ ስንት ሰው ያስመዘገበበት ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ።

ውጭ ስንወጣ እንጋባለን አልኩት። ካርዳቸውን ይውሰዱት፣ ክኒኑም ይቅርብኝ፣ እነሱ ቁጭ ብለው ማንን ማግባት እንደምችል አይነግሩኝም አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየኝ። ግድ አልነበረኝም።

አማዴው ራሱን ነቀነቀ።

«አላገባሽም» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«አንዷን ቀብሬያለሁ። አንቺን ደግሞ በቀለበት አልገድልሽም።»

እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሰው ከጠላው ሰው ይልቅ ለሱ ብሎ እምቢ ባለው ሰው እንዴት እንደሚቃጠል ያየ ያውቀዋል። ሂድ ሕግህን አግባ አልኩት። ወር ሙሉ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ግድግዳ እያየሁ አለፍኩ። እሱ ቆሞ ያሳልፈኛል። እንደ ልማዱ ደህና ዋዪ ይላል። ዞሬ ባላይም ዓይኑ ጀርባዬ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ማልቀሴም ያናድደኛል።

ዘውዱ በመጣ ሰኞ ከታች የሥጋና የአዝሙድ ሽታ ወጣ። ሽታው ልክ አልነበረም፤ አዝሙዱን አብዝቶታል። ታገስኩ፣ ታገስኩ፣ ከዚያ ሽርጤን ታጥቄ ወረድኩ። ማሰሮው ፊት እንደተገተረ ገፋ አደረግኩትና ማንኪያውን ቀማሁት።

«ያው ተናድጄብሃለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ። ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመን መቶ ምናምን ሰው አበላን፤ ከሾርባ በቀር ያወራነው የለም። ማንኪያ ሲያቀብለኝ ግን ጣቶቹ ከጣቶቼ ላይ ቶሎ አይነሡም ነበር። እኔም አልሸሸሁም።

እሑድ ሰልፉ ተሰለፈ። ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ያበጃሉ። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ትንንሽ ልጃገረዶች ከኋላ ይሯሯጣሉ። አማዴው ዘውዱን በብር ሳህን ይዞ ወጣ፤ እኔ ከጎኑ ቆምኩ። የድግሱ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ኤርሚኒዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው በትሕትና ወደኔ ጠጋ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት ይወዳሉ።

«ልጄ፣ ከዘውዱ ጎን የሚሄዱት በተክሊል የተጋቡ ናቸው» አሉኝ። «አንቺ ያላገባሽ ነሽ። ከልጃገረዶቹ ጋር ከኋላ ሁኚ።»

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ከሰባት ቀን ማሰሮ በኋላ አብጧል። ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ሂጂ ተባልኩ፣ ያውም ክኒን ለመዋጥ ብዬ ላጣሁት ተክሊል። አንድ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት አማዴውን አየሁት።

ሳህኑን ለአቶ ኤርሚኒዮ ዘረጋላቸው።

«እንግዲያው እርስዎ ይያዙልኝ።»

«ምን ሆነህ ነው፣ አማዴው? የዘውዱ ባለቤት እኮ አንተ ነህ።»

«እኔም አላገባሁም» አላቸው። «ቦታዬ ከልጃገረዶቹ ጋር ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ሲያይ ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ዘውዱን እንደታቀፉ ቀሩ። አማዴው ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ወሰደኝ። አንዲት ልጅ ሽቅብ አየችውና አንተም ልጃገረድ ነህ እንዴ አለችው፤ አዎ፣ መንግሥት እንደዚያ ብሎኛል አላት። መለከቱ ተነፋ። ኮሎምቢያ ጎዳናን ከነጭ ቀሚሶቹ ኋላ፣ የሁሉም መጨረሻ ሆነን ሄድን።

ምንም ወረቀት የለኝም፤ እኔ ግን የተጋባነው ያን ቀን ነው እላለሁ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነን። ዛሬም እሱ ታች፣ እኔ ላይ ነን። የመድኑ ቅጽ በየዓመቱ አግብተሻል ወይ ይለኛል፤ አላገባሁም ብዬ ስፈርም ባጎረሰኝ እጅ ላይ የምተፋ ይመስለኛል። ያን ሕግ ለድሃ የወጣ ትልቅ ነገር ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ፣ ና እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አማዴው ፊት አንተ ፈርምልኝ እለዋለሁ።

ያን የሰልፍ ዕለት ከአማዴው ጋር ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ዴኦሊንዳ፣ በደል ነው። አውቀዋለሁ። ግን እኮ ጅምር ነው።»

«አማዴው» አልኩት፣ «ልትጨቃጨቀኝ ከፈለግክ አጥብቀህ ያዘኝና ተጨቃጨቅ።»

አጥብቆ ያዘኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እስክንደርስ ተጨቃጨቅን።