ገመዱ ከማን ጋር ቀረ

መምህር አትናቴዎስ ከጓሳ ገደል ሥር፣ በገዛ እጁ በሠራው ሞተር አልባ አውሮፕላን ስብርባሪ መካከል ሞቶ ተገኘ። ታሪክ ነበር የሚያስተምረው፤ በጦርነት ዘመን እንዲህ ባለ አውሮፕላን ወታደር ስላወረዱ አብራሪዎች ሲያወራ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ለተማሪዎቼ በተግባር ላሳይ ብሎ ሄደ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው!

የክንፉን ሸራ የሰፋችው የዘመሮ ከተማዋ ልብስ ሰፊ ኮከቤ ታስራለች። «ስፌቱ ተተርትሮ ነው የወደቀው» ተብላ፣ ከሚጠባ ልጇ ጋር፣ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ኢንስፔክተር ኢልሀም የቆላ ሰው ናት። ብርዱን እየረገመች ስብርባሪውን ዞረችው። ረጅሙ መጎተቻ ገመድ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ተንጠልጥሏል። አልተበጠሰም፤ የጫፉ ቀለበትም ደህና ነው።

አውሮፕላኑ እንዲነሣ በመኪና የጎተተውን ትዕዛዙን ጠራችው፤ የኮከቤ ባል ነው።

«ምን አየህ?»

«ገመዱን መምህሩ ራሱ ፈታው። ከፍ ካለ በኋላ ክንፉ ተቀደደ።»

«በሚስትህ ላይ ትመሰክራለህ?»

«ያየሁትን እንዴት ልካድ፣ ኢንስፔክተር?»

ንድፉን ያወጣው የፊዚክስ መምህሩ ፍሬአብ ነበር። «የገመዱ መፍቻ የት ነው?» አለችው።

«ሁለት ነው። አንዱ አብራሪው ጋ፣ አንዱ ለክፉ ቀን መኪናው ላይ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ገደሉ አፋፍ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ኮከቤም በፖሊስ ታጅባ፣ ልጇን አዝላ መጣች።

«መጀመሪያ ሸራው» አለች ኢልሀም። «ስፌቱ አልተነካም። የተቀደደው ከስፌቱ ራቅ ብሎ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ዓለት ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ተጣብቋል። ዓለት ላይ ሲወድቅ እንጂ አየር ላይ አልተቀደደም። አሁን ገመዱ። መምህር ፍሬአብ፣ አብራሪው ቢፈታው ገመዱ ከማን ጋር ይቀር ነበር?»

«ከመኪናው...» ፍሬአብ ደነገጠ።

«ከሟቹ ጋር ነው ገደል የገባው። የለቀቀው ሹፌሩ ነው፤ ያውም ሰውዬው ከፍታ ሳይዝ።»

ትዕዛዙ ቁጭ አለ።

«ገደሉ ፊቴ ድቅን አለ፤ ፈራሁ! ወላሂ... በማርያም፣ ልገድለው አልነበረም! መምህሩ ራሱ ይነግረን አልነበር? በዚያ ጦርነት የጎታቾቹ አውሮፕላኖች አብራሪዎች ተኩስ ፈርተው ገመዱን ቀድመው ለቀው፣ ወታደሮቹን ባሕር በላቸው። ‹አትፍረዱባቸው፣ ፍርሃት ነው› ይል ነበር።»

«በመፍራትህ እኔም አልፈርድብህም» አለች ኢልሀም።

ኮከቤ ግን ቀረበችው። እንባዋን ልትጠርግ እንኳ አልሞከረችም።

«ያኔስ ፈርተህ ነው። ትናንት እስር ቤት ስንቅ ይዘህልኝ መጥተህ፣ ‹አይዞሽ› ያልከኝ ጊዜስ?»

ኢልሀም አጃቢውን ፖሊስ «ልቀቃት» አለችው። ኮከቤም ልጇን አስተካክላ አዝላ ቁልቁል ወደ ዘመሮ ሄደች።