የቅዳሜ ተመልካቾች

ቴ ቹንሶክ ከብረቱ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኖቹ ወደ ሰማይ እንደተከፈቱ ሞቶ ተገኘ። በቹንቾን ከተማ ዳገታማ ሰፈር በክረምት ሽማግሌ ወድቆ መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። የተሰበሰቡት ጎረቤቶችም ገና ፖሊስ ሳይደርስ «በረዶው አንሸራቶት ነው» ብለው ተስማምተው ነበር።

የኢንስፔክተር ቦንግ ሚሱክ አለቃም ያሰበው ይህንኑ ነው። «ጉዳዩን እስከ ምሳ ሰዓት ዘግተሽው ነይ» አላት በስልክ።

ሚሱክ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ፊቱን ብዙም አላየችውም፤ እግሮቹን ነው የተመለከተችው። ጫማ የለውም። ነጭ ካልሲ ነው ያደረገው፣ የካልሲው ሶልም ንጹሕ ነጭ ነው። ቀና ብላ ደረጃውን አየችና ጣሪያው ላይ ወዳለችው የሟቹ ክፍል ወጣች። በረዶው እንዳያንሸራትት በየመርገጫው የከሰል አመድ ተበትኗል። ላይ ስትደርስ የግራ ጫማዋን አንስታ ሶሉን አየችው። ግራጫ ሆኗል።

«ይህን አመድ ማን ነው የሚበትነው?» ብላ ወደ ታች ተጣራች።

«እሱ ራሱ ነዋ!» አለች ሬሳውን ያገኘችው ወይዘሮ ዶ ግምራን፤ መንገድ ዳር ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ናት። አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች፣ «ሁልጊዜ ጀምበር ሳትጠልቅ ይበትናል። ‹እኔ ብወድቅ ግድ የለም፣ አንቺ ብትወድቂ ግን ፊልም ማን ያከራየናል?› ይለኝ ነበር» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ማጫወቻው ውስጥ ዲቪዲ አለ፤ ወለሉ ላይ ሁለት መቀመጫ ትራሶች ተዘርግተዋል። ከጎናቸው «የክረምቱ ቤተ መንግሥት» የሚል አዲስ ሣጥን ተቀምጧል። ሚሱክ ድራማውን በስም ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት አገሩን ሁሉ ሲያጨቃጭቅ የከረመ፣ የወታደሮቹን አገዛዝ ዘመን የሚተርክ የፖለቲካ ድራማ ነው።

«ይኼ ገና ገበያ ላይ አልወጣም» አለች ወይዘሮ ዶ። «አከፋፋዩ አንዷን ሣጥን አስቀድሞ ላከልኝ። ትናንት አመሻሹ ላይ ለቹንሶክ ሰጠሁት። የቅዳሜ ተመልካቾች ማኅበራችን ሊቀ መንበር እሱ አይደል? አስቀድሞ አይቶ አስተያየቱን ኢንተርኔት ላይ ሊጽፍ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሁላችንም አብረን ልናየው ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ያልታየ ነገር ጨምረውበታል ይላሉ።»

«ሁላችንም ማለት?»

«አራታችን። እኔ፣ ቹንሶክ፣ ታክሲ ነጂው ናም ዎንሺክ፣ ጋሽ ኦክ። ድራማው ሲተላለፍ ሱቄ ውስጥ እየተሰበሰብን እያየን እንጣላ ነበር፤ አሁንም በየቅዳሜው እንጨቃጨቅበታለን።»

ሚሱክ ለአለቃዋ ደወለች። «አልዘጋውም» አለችው። «ይህ ሰው በደረጃው አልወረደም።»

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ልጅ ከዴጆን ከተማ መጣች። ሄጂን ትባላለች። ከአባቷ የወረሰችው ቀጭን ትከሻ አላት። አባቷ በወጣትነቱ ዓይኑ ታስሮ ተመርምሮ እስር ቤት መክረሙን ከእናቷ ሰምታለች። ከሱ ግን አንድም ቀን አልሰማችም።

«ስንጠይቀው ስለ ምግቡ ብቻ ነበር የሚያወራን» አለች። «ባቄላው ውስጥ ጠጠር ነበረበት እያለ ያስቀን ነበር።»

የሚሱክም አባት በዚያው ዘመን ፖሊስ ነበር፤ እሱም ስለ ምግብ ነበር የሚያወራው።

ናም ዎንሺክን ታክሲው ውስጥ ነው ያገኘችው፤ የተቆላ ለውዝ እየፈለፈለ። አርባ የሞላው፣ ድምፁ ከመኪናው ጡሩንባ የሚበልጥ ሰው ነው።

«ባለፈው ቅዳሜ ከአቶ ቴ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ኩባያ ወርውሬበታለሁ። ጻፊው! ግን ባዶ ነበር።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በድራማው ነዋ! እኔ ውሸት ነው እላለሁ። ያኔ መንገዱን ማን ሠራው? ፋብሪካውን ማን ሠራው? ስምንተኛውን ክፍል አይተሽዋል? ተማሪውን ወደ ምርመራ ክፍል ያስገቡታል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ! ውስጥ የሆነውን አንዲት ነገር ሳያሳዩ መንግሥት አረመኔ ነበር ይሉናል። ካላችሁ አሳዩና! ቹንሶክ ‹ሳይታይም ገብቶኛል› አለኝ። ‹አንቱ ደግሞ ሁሉ ይገባዎታል› ብዬ...» የፈለፈለውን ለውዝ መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። «እውነት ገድለውት ነው?»

«ከዚያ ወዲህ አግኝተኸዋል?»

«አላገኘሁትም። ዛሬ ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያልኩ።»

ወይዘሮ ዶን ሱቋ ውስጥ እንደገና አነጋገረቻት። በካሴትና በዲቪዲ መደርደሪያዎች መካከል የገብስ ሻይ ቀዳችላት።

«እርስዎስ ስለ ድራማው ምን ይላሉ፣ እትዬ ዶ?»

«ሰው ሞቶ ድራማ ታወሪኛለሽ?»

«ላውራ እንጂ።»

«እኔማ በሩ ሲዘጋ ነው ያለቀስኩት። ቢያሳዩኝ ይሻለኝ ነበር። ዎንሺክ ይሳደብ ነበር፣ ጋሽ ኦክ እንደ ወትሮው ፀጥ ብለው ፖም ይልጡልን ነበር። ቹንሶክ ግን እንዲህ» ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ጨበጠች፣ «እስኪያልቅ ድረስ።»

ኦክ ቻንሆ በቤት ድለላ ቢሮው ውስጥ ምድጃ እየሞቀ ተቀበላት። ሰባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የደን ጥበቃ ሠራተኛ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ምስኪን ቹንሶክ» አለ። «ከቅዳሜ ወዲህ አላየሁትም። በስልክም አልተገናኘንም። እግሩ ደካማ ነበር፤ ያንን ደረጃ ልቀቅ፣ ምድር ቤት ልፈልግልህ ብዬው ነበር።»

«ስለ ድራማው ምን ይላሉ ጋሼ?»

ኦክ ፈገግ አለ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ተዋንያኑ ደህና ናቸው። የሚያናድደኝ ጥንቃቄ ማጣታቸው ነው። የፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ያኔ ገና አልተሠራም ነበር። ጄኔራሉን መኪና ውስጥ በግራ በኩል ያስቀምጡታል፤ ጄኔራል መቼ በግራ ተቀምጦ ያውቃል? ስምንተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ፎጣውን ደረቁን ያመጡታል። ወታደሮቹ ሰላምታ ሲሰጡ ክርናቸው ይወርዳል። ለማያውቅ ሰው ጥቃቅን ነገር ነው። እኔ ግን ስህተት ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለች ሚሱክ። የቀዳላትን ሻይ ጨርሳ ተነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ዲቪዲውን አየች። ስምንተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ተማሪው ወደ ምርመራ ክፍል ገባ፤ በሩ ግን አልተዘጋም። ካሜራው ተከትሎት ገባ። ሚሱክ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው፤ ከዚያ ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አየችው። ከሬሳ ምርመራው የመጣው ሐኪም በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«አገጩ ሥር ሰምበር አለበት» አላት። «መዳፉ ላይ ግን ጭረት የለም። ነቅቶ የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል። ይኼኛው ሲወድቅ ራሱን አያውቅም ነበር።»

ሚሱክ ስልኩን አነሣችና የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን እንዲያገናኟት ጠየቀች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ዶ ገንዘብ መቀበያው ጀርባ ቆመች። ናም የሟቹን መቀመጫ ትቶ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ኦክ ኮቱን በሥርዓት አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሄጂን በሩ አጠገብ ነበረች፤ ሁለት ፖሊሶች ውጭ ይጠብቃሉ። ሰዉ ሁሉ በሚሱክ አፍ ላይ ዓይኑን ተክሏል።

«አቶ ቴን ደረጃው አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «ደረጃው በአመድ ተሸፍኗል። እኔ አንዴ ወጥቼ ሶሌ ግራጫ ሆነ። የሱ ካልሲ ግን ነጭ ነበር። አንዲት መርገጫ እንኳ አልረገጠም። ተሸክሞ ከላይ የጣለው ሰው አለ፤ ከዚያ በፊትም አንገቱን አንቆ ራሱን አስቶታል። የገደለው አብሮት ተቀምጦ ድራማውን ሲያይ የነበረው እንግዳው ነው።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ናም።

«አንተ አይደለህም። አንተም እትዬ ዶም ስለ ስምንተኛው ክፍል የነገራችሁኝ አንድ ነው፤ በሩ ተዘጋ፣ ውስጥ የሆነው አልታየም። ቴሌቪዥን ላይ የታየው እንደዚያ ነበርና። ዲቪዲው ላይ ግን በሩ ክፍት ነው። መርማሪው የተማሪውን ፊት ሊሸፍን ፎጣ ያመጣል። ፎጣው ደረቅ ነው።» ወደ ኦክ ዞረች። «ጋሼ፣ ደረቁን ፎጣ የት አዩት?»

ኦክ የኮቱን ክር በጣቱ ነቀለ።

«ቹንሶክ ነግሮኝ ይሆናል።»

«መቼ? ሣጥኑን የወሰደው በሞተባት ምሽት ነው። እርስዎ ደግሞ ከቅዳሜ ወዲህ አላየሁትም፣ በስልክም አልተገናኘንም ብለውኛል።»

«ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ይሆናላ።»

«በከተማው ያለችው ሣጥን እሷ ብቻ ናት። አቶ ቴም ገና አንድ ቃል አልጻፈም ነበር። ሌላም ነገር አለ። የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ስምዎን አያውቀውም፤ እኔ ግን የድሮ መዝገብ አገላብጬ የት ይሠሩ እንደነበር አውቄያለሁ። በወታደሮቹ ዘመን የምርመራ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ሕንፃው ዛሬ ፈርሷል። አቶ ቴ ዓይኑ ታስሮ የተመረመረው እዚያ ነው።»

ሄጂን ግድግዳውን ተደገፈች። ናም «ጋሽ ኦክ?» አለ፣ ልጅ አባቱን በሚጠራበት ድምፅ። «ጋሽ ኦክ፣ እንዴ፣ ይናገሩ እንጂ!»

ኦክ ግን ረጋ ብሎ ሚሱክን ተመለከተ። «በፎጣ ሰው ይታሰራል፣ ኢንስፔክተር?»

አይታሰርም። ሚሱክ ይህን ከሱ በላይ ታውቃለች። ይህ ሰው ጩኸት አያስደነግጠውም፣ ምርመራ አያስፈራውም። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያው የሆነውን ልንገርዎት» አለች። «ቴ ጠራዎት። አብራችሁ አያችሁ። ፎጣው ሲመጣ እርስዎ ‹መጀመሪያ ይነከራል› አሉ። ቴ ያንን ቃል ከብዙ ዓመት በፊት ዓይኑ ታስሮ ሰምቶታል። አወቀዎት። በቢላ መጣብዎት...»

«ምን ቢላ?» አለ ኦክ።

«ቢላውን ቀሙት። እሱም ፈሪ ነበርና እግርዎ ሥር ወደቀ። አለቀሰ። ማረኝ፣ ለማንም አልናገርም ብሎ ለመነዎት።»

«አልለመነም!»

ድምፁ ሱቁን ሞላው። ወይዘሮ ዶ መደርደሪያውን ያዘች። ኦክ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር፤ ኮቱ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ያ ለስላሳ ፊት እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

«ቢላ አልነበረም። ለቅሶም አልነበረም። ማጫወቻውን አቁሞ ዞር ብሎ አየኝ። ‹ለካ አንተ ነህ› አለኝና ስልኩን ሊያነሣ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ! ያኔም ቢሆን አልለመነም። ሁሉም ይለምን ነበር፣ እሱ ብቻ ነው ያል...» ዙሪያውን አየ። የተናገረው ለራሱም አሁን ተሰማው።

ፖሊሶቹ ገቡ። ናም ሁለቱንም እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«ለምን መጣህ?» አለችው ወይዘሮ ዶ። ከዚያች ቀን በፊት ኦክን አንተ ብላው አታውቅም። «ለምን ሱቄ ገብተህ፣ ከኛ ጋር ተቀምጠህ፣ ፖም እየላጥክ አየኸው?»

ኦክ እጁ በካቴና ሲታሰር አልተቃወመም። «ሰው ምን እንደሚል መስማት ፈልጌ ነበር» አለ። «ቤቴ ብቻዬን ሳየው ማን ይነግረኛል? እዚህ ዎንሺክ ይከራከርልኝ ነበር።»

ናም ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። ከሱቁ በስተጀርባ ሲያስመልስ ተሰማ።

ከወራት በኋላ ፍርድ ቤቱ ኦክ ቻንሆ ላይ ዕድሜ ይፍታህ ፈረደበት፤ ለዚያች ምሽት ግድያ ብቻ። በዚያ ሕንፃ ስለሠራው ሥራ የጠየቀው ዳኛ አልነበረም፤ ጊዜው አልፎበታል ተባለ።

ያን ቅዳሜ ግን ሄጂን የሰው ሁሉ ግርግር አልፎ ሱቁ ባዶ ሲቀር አልሄደችም። ሚሱክ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አጠገቧ መጥታ ቆመች። ዓይኖቿ ደርቀው ቀልተዋል።

«የተናገሩት ያ ነገር፣ ፈሪ ነበር፣ አለቀሰ ያሉት...»

«እንዲያርመኝ ብዬ ነው» አለች ሚሱክ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ፊት ስለ አባትሽ ማለት የሌለብኝ ነገር ነበር።»

«አይ፣ ለሱ አይደለም።» ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ሰውየው የመለሰው እውነት ነው? ያኔም አልለመነም ያለው?»

«እውነት ነው። በሱ ጉዳይ ከዚያ ሰው የተሻለ ምስክር የለም።»

ሄጂን ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ሣቅ የሚመስል ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሚሱክም ወረቀቱን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።